የቻይናና የጃፓን ጦርነትና ንግድ፥ ወደ ጋሞ የጨርቅ ገበያም የደረሰበት መንገድ

በአርባ ምንጭ ከተማ በሲቀላም ሆነ በሴቻ ወደ አንድ ሱቅ የገባ ሰው የሁለት አገሮችን ሥራ ጎን ለጎን ያያል። በመደርደሪያው ላይ የሚታየው ጨርቅ፥ የፕላስቲክ ዕቃ፥ የእጅ ባትሪና ስልክ አብዛኛው ከቻይና የመጣ ነው። ይህንኑ ዕቃ ከአዲስ አበባ ጭኖ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ያደረሰው መኪና ደግሞ ብዙ ጊዜ የጃፓን ስም ያለበት አይሱዙ ነው። ሁለቱ አገሮች በ50 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ታላቅ ጦርነት የተዋጉ መሆናቸውን፥ የጠባቸውም ውጤት እስከ ጋሞ ሸማኔ ድረስ የደረሰ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ታሪክ ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለ ሱቆች በአጭሩ ማስረዳት ነው። ነገሩ ለነጋዴ የሚጠቅምበት ምክንያት ግልጥ ነው፤ ሁለት ታላላቅ የዕቃ ምንጮች በተጣሉ ጊዜ ዋጋው፥ የዕቃው ዓይነትና የመርከቡ መንገድ የሚለወጠው በእነርሱ አገር ብቻ አይደለምና። የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር በሆነ ጊዜ ዓ.ም. ተብሎ ተለይቷል።

የቀድሞው ጉርብትና

ቻይናና ጃፓን ከሺህ ዓመት በላይ የቆየ ግንኙነት ያላቸው ጎረቤቶች ናቸው። ጃፓን ፊደልን፥ የቡድሃን ሃይማኖት፥ የመንግሥት አሠራርንና የሐር ጥበብን በብዛት የተቀበለችው ከቻይና ወይም በኮርያ በኩል ነው። በዚህ ረዥም ዘመን ውስጥ ጦርነት ጥቂት ነበር። በ1274ና በ1281 ቻይናን የገዙት ሞንጎሎች ጃፓንን ለመያዝ በመርከብ ዘምተው ሳይሳካላቸው ተመለሱ። ከ1592 እስከ 1598 ደግሞ ጃፓኖች ወደ ኮርያ ዘምተው ከቻይና ጦር ጋር ተዋጉ። ከዚያ ወዲህ ጃፓን በሯን ለውጭ አገር ሰዎች በዘጋችበት ዘመን እንኳ የቻይና ነጋዴዎች በናጋሳኪ ወደብ መገበያየታቸውን አላቋረጡም።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ቻይና ከ1839 እስከ 1842 በተደረገው የኦፒየም ጦርነት በእንግሊዝ ተሸንፋ ወደቦቿን ለመክፈት ተገደደች። ጃፓንም በ1853 የአሜሪካ የጦር መርከቦች በመጡባት ጊዜ ይኸው ዕጣ ቀረበላት። ነገር ግን ጃፓን ከ1868 ጀምሮ በንጉሠ ነገሥት ሜይጂ ዘመን ትምህርት ቤትን፥ ባቡርን፥ ፋብሪካንና አዲስ ጦርን በፍጥነት አቋቋመች። በ1871 ሁለቱ አገሮች እንደ እኩዮች የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመው ነበር፤ ሆኖም አንደኛው ሲበረታ ሌላው ሲደክም ውሉ ሊጠብቃቸው አልቻለም።

የመጀመሪያው ጦርነትና የፋብሪካው ፈቃድ

ጠቡ የፈነዳው በኮርያ ምክንያት ነው። ጦርነቱ በኦገስት 1 ቀን 1894 ታወጀ፤ ጃፓን በምድርም በባሕርም ድል አደረገች። በኤፕሪል 17 ቀን 1895 በሺሞኖሴኪ በተፈረመው ውል ቻይና የታይዋንን ደሴት ለቀቀች፥ 200 ሚሊዮን ታኤል ብርም የጦር ካሣ ለመክፈል ተስማማች። ይህ በክብደት ሲታሰብ ወደ 7,500 ቶን የሚጠጋ ብር ነው። የሊያኦዶንግ ልሳነ ምድርም ለጃፓን ተሰጥቶ ነበር፤ ዳሩ ግን ሩስያ፥ ፈረንሳይና ጀርመን ጣልቃ ስለ ገቡ ጃፓን ተጨማሪ 30 ሚሊዮን ታኤል ተቀብላ ልትመልሰው ግድ ሆነባት። ጃፓን በዚህ ካሣ በ1897 ገንዘቧን በወርቅ መሠረት ላይ አቆመች፤ በ1901 ሥራ ለጀመረው ለያዋታ የብረት ፋብሪካም መነሻ አደረገችው።

ለነጋዴ ግን በዚህ ውል ውስጥ ከመሬቱና ከብሩ ይልቅ ልብ የሚባል አንድ አንቀጽ አለ። ይኸውም ጃፓኖች በቻይና ወደቦች ውስጥ ፋብሪካ እንዲያቋቁሙ የሚፈቅደው ነው። ሌሎች መንግሥታትም በቀደሙት ውሎቻቸው መሠረት በዚሁ መብት ተጠቀሙ። ከዚህም የተነሣ በሻንግሐይና በሌሎች ከተሞች የጃፓን የጥጥ መፍተያና የጨርቅ ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ የጃፓን ነጋዴም በቻይና ጥጥ፥ በቻይና ሠራተኛ እጅ፥ ለቻይና ገዢ ጨርቅ ማምረት ጀመረ።

ይህ ውል በተፈረመ በ11ኛው ወር፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዐድዋ ኢጣልያን ድል አደረገች። ጃፓን በ1905 ሩስያን ባሸነፈች ጊዜ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ወደ ሩቅ ምሥራቅ አተኩረው ይመለከቱ ጀመር። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሳሰሉ ጸሐፊዎች ጃፓንን በትምህርትና በሥራ ራሷን ያዳነች አገር ብለው በምሳሌነት አቀረቧት። በ1931 የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከ1889ኙ የጃፓን ሕገ መንግሥት ብዙ የወሰደ ነበር። ሆኖም የሩስያና የጃፓን ጦርነት በአብዛኛው የተካሄደው በማንቹሪያ፥ ማለት በቻይና መሬት ላይ እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም። ለአንዱ ሕዝብ የኩራት ምንጭ የሆነው ድል ለባለ መሬቱ ሕዝብ የመከራ ምንጭ ነበረ።

የገዢው አድማና አዲሱ ገበያ

በጃንዋሪ 1915 የጃፓን መንግሥት 21 ጥያቄዎችን ለቻይና አቀረበ። ጥያቄዎቹ በማዕድን፥ በባቡር መንገድና በመንግሥት አስተዳደር ላይ ሳይቀር ለጃፓን ልዩ ሥልጣን የሚሰጡ ስለ ነበሩ የቻይና ሕዝብ በቁጣ ተነሣ። መንግሥቱ የጦር ኀይል ስላልነበረው ሕዝቡ በገዢነቱ ለመዋጋት ወሰነ፤ የጃፓን ዕቃ እንዳይገዛ አደመ። ይህን የመሰለ አድማ በ1908፥ በ1915፥ በ1919ና በ1931 ተደርጓል።

የጃፓን ፋብሪካዎች ትልቁ የጨርቅ ደንበኛቸው በአድማ እየራቀ በሄደ መጠን፥ የቻይናም የራሷ ፋብሪካዎች እየበዙ በመጡ መጠን፥ ጨርቃቸውን የሚገዛ ሌላ አገር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ወደ ህንድ፥ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፥ ወደ ዐረብ አገርና ወደ አፍሪካ ዞሩ። በዲሴምበር 1931 ደግሞ ጃፓን የወርቅ መሠረትን ስለ ተወች የየን ዋጋ ወደቀ፤ የጃፓን ጨርቅም በውጭ ገበያ እጅግ ረከሰ። በ1933 ጃፓን የጥጥ ጨርቅን ወደ ውጭ በመላክ እንግሊዝን ቀድማ ከዓለም አንደኛ ሆነች።

ኢትዮጵያ ከእነዚህ አዳዲስ ገበያዎች አንዷ ነበረች። አቡጀዲ የተባለው ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ቀድሞ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር፤ በኋላ የህንድ ጨርቅ ተጨመረ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን ወደ ኢትዮጵያ ከሚገባው የጥጥ ጨርቅ አብዛኛውን ድርሻ የያዘው የጃፓን ሥራ ሆነ። ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ወርዶ በ1917 አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር ይጓዝና ከዚያ በበቅሎና በአህያ ወደ አውራጃዎቹ ገበያዎች ይሰራጭ ነበር።

መንግሥትም ይህን ንግድ በውል አጸናው። የኢትዮጵያና የጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል በኖቬምበር 1930 ተፈረመ። በ1931 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ተጉዘው ፋብሪካዎችን፥ ትምህርት ቤቶችንና ከተሞችን ጎበኙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አሳትመው ለሕዝብ አቀረቡ።

የጋሞ ሸማኔ በዚያ ዘመን

በጋሞ ደጋ፥ በዶርዜና በጨንጫ አካባቢ ሽመና የቆየ ሙያ ነው። ጥጡ በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ከሚገኘው ቆላ ይመጣል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ወንዶች ጋቢና ቡልኮ፥ ነጠላና ዱንጉዛ አድርገው ይሸምኑታል። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ብዙ የጋሞ ሸማኔዎች ወደ አዲስ አበባ ሄደው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፈሩ፤ የከተማው የሐበሻ ልብስ ገበያም በእጃቸው ሥራ ጸና።

ከውጭ የሚገባው የጥጥ ዕቃ ለዚህ ሸማኔ ሁለት መልክ ነበረው። የተሸመነው ጨርቅ፥ ማለት አቡጀዲው፥ ተፎካካሪው ነበር። ዋጋው ርካሽ፥ ስፋቱም የተስተካከለ ስለ ሆነ የዘወትር ልብስ የሚፈልገውን ገዢ ወሰደበት። በፋብሪካ የተፈተለው ክር ግን ረዳቱ ሆነ። ሸማኔው የፋብሪካውን ክር ድር አድርጎ በእጅ የተፈተለውን ጥጥ ማግ በማድረግ ከቀድሞው ፈጥኖ መሥራት ቻለ። ስለዚህ የባዕድ ዕቃ ሁሉ ለአገር ሙያ ጠላት ነው ማለት አይቻልም፤ የሚያጠፋውንና የሚያግዘውን ለይቶ ማየት የነጋዴው የሥራ ድርሻ ነው።

ማንቹሪያና ኢትዮጵያ በጄኔቭ

በሴፕቴምበር 18 ቀን 1931 የጃፓን ጦር በሙክደን አጠገብ በባቡር ሐዲድ ላይ የደረሰን ፍንዳታ ምክንያት አድርጎ ማንቹሪያን መያዝ ጀመረ፤ ፍንዳታውን ያዘጋጁት የጃፓን መኮንኖች ራሳቸው እንደ ነበሩ በኋላ ተረጋገጠ። በ1932 ማንቹኩዎ የተባለ መንግሥት በጃፓን እጅ ተቋቋመ። ቻይና ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ በሎርድ ሊተን የሚመራ መርማሪ ጓድ ልኮ ካስጠና በኋላ በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1933 በ42 ድምፅ ለ1 ለአዲሱ መንግሥት ዕውቅና እንዳይሰጥ ወሰነ። ተቃዋሚዋ ጃፓን ብቻ ነበረች፤ በሚቀጥለውም ወር ከማኅበሩ መውጣቷን አስታወቀች። ከውሳኔው በቀር ግን አንድም ቅጣት አልተከተለም።

ይህን ሁሉ ኢጣልያ ትመለከት ነበር። ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ የማኅበሩ አባል ስለ ነበረች እንደ ቻይና ሁሉ ተስፋዋ በጄኔቭ ላይ ነበረ። ኢጣልያ በኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወረራውን በጀመረች ጊዜ ማኅበሩ አንዳንድ የንግድ ቅጣት ወሰነ፤ ዋናው የጦርነት ዕቃ የሆነው ነዳጅ ግን አልተከለከለም። ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ተገኝተው አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ ጥቂት ቀኖች እንኳ ሳይቆይ ቅጣቱ እንዲነሣ ተወሰነ።

ጃፓን በዚህ ጊዜ የሠራችው ሥራ ለነጋዴ ታላቅ ትምህርት ነው። በ1935 ብዙ የጃፓን ሕዝብ ለኢትዮጵያ ያደረበትን ወዳጅነት በግልጥ አሳይቶ ነበር። በሐምሌ ወር ግን በሮም የነበሩት የጃፓን አምባሳደር ጃፓን በኢትዮጵያ ጉዳይ ፍላጎት የላትም ብለው ለሙሶሊኒ ተናገሩ፤ ይህም በአገራቸው ውስጥ ከባድ ክርክር አስነሣ። በመጨረሻ ሒሳቡ አሸነፈ። በ1936 ማብቂያ ጃፓን የኢጣልያን የኢትዮጵያ አገዛዝ ተቀበለች፤ ኢጣልያም በኖቬምበር 1937 ማንቹኩዎን በይፋ ዐወቀች። የኢትዮጵያና የማንቹሪያ ነጻነት እንደ ሁለት ዕቃ ተለዋወጡ ማለት ይቻላል። ከኢትዮጵያ ጋር የንግድ ወዳጅነት ያልነበራት ቻይና ግን፥ በራሷ ላይ የደረሰውን ታውቅ ስለ ነበር፥ የኢጣልያን አገዛዝ ሳይቀበሉ ከቀሩት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች።

በዚያው ዘመን የጃፓን ጨርቅ በኢትዮጵያ ገበያ የነበረውን ቦታ አጣ። ኢጣልያኖች ለራሳቸው አገር ዕቃ ቅድሚያ ሰጡ። በርካሽ የጃፓን አቡጀዲ ላይ ሥራውን አቁሞ የነበረ ነጋዴ በአንድ ጊዜ ምንጩ ደረቀበት።

ሁለተኛው ጦርነት

በጁላይ 7 ቀን 1937 ከፔኪንግ አጠገብ በማርኮ ፖሎ ድልድይ የተነሣው የተኩስ ልውውጥ ወደ ሙሉ ጦርነት ተለወጠ። የሻንግሐይ ውጊያ ሦስት ወር ፈጀ። ዋና ከተማው ናንኪንግ በዲሴምበር 13 ቀን 1937 ሲያዝ የጃፓን ወታደሮች በሲቪል ሕዝብና በምርኮኞች ላይ የፈጸሙት ጭፍጨፋ እስከ ዛሬ የሁለቱ ሕዝቦች ቁስል ነው። ከጦርነቱ በኋላ በቶኪዮ የተሰየመው ፍርድ ቤት ከ200,000 በላይ ሰው እንደ ተገደለ አመለከተ፤ የቻይና መንግሥት የሚናገረው ቁጥር 300,000 ነው። የቻይና መንግሥት ወደ ቾንግቺንግ አፈግፍጎ ስምንት ዓመት ተዋጋ። በጠቅላላው የሞቱት ቻይናውያን ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል።

ለጃፓንም ጦርነቱ ኪሳራ ሆነ። በቻይና የጀመረችውን ለመፈጸም ነዳጅና ብረት አስፈለጋት፤ አሜሪካ በ1941 ነዳጅ በከለከለቻት ጊዜ ጦርነቱን ወደ ፓሲፊክ አሰፋች፤ በኦገስት 15 ቀን 1945ም እጅዋን መስጠቷ ታወጀ። ነጻነቷን በ1941 ያገኘችው ኢትዮጵያም በ1942 በጃፓን ላይ ጦርነት ዐውጃ ነበር። ዓለምን በጨርቅ ያለበሰው የጃፓን ኢንዱስትሪ የደረሰበት ጉዳት በቁጥር ሲታይ ይህ ነው፤ በ1937 ከነበሩት 12 ሚሊዮን ያህል የመፍተያ እንዝርቶች ጦርነቱ ሲያበቃ የቀሩት 2 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበሩ። ከጠፉት ብዙዎቹ መሣሪያዎች ለጦር ብረት ተብለው ቀልጠዋል። ፋብሪካው ገበያ ፍለጋ ከወታደር ጋር ዘመተ፤ በመጨረሻ ወታደሩ ፋብሪካውን በላው።

ያለ ዕርቅ የተደረገ ንግድ

በ1949 በቻይና የሕዝብ ሪፑብሊክ ተቋቋመ። በ1950 በተጀመረው የኮርያ ጦርነት የቻይና ጦር ከሰሜን ኮርያ ጋር ተሰለፈ፤ የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃም ከ1951 ጀምሮ በተባበሩት መንግሥታት ሥር በዚያ ተዋጋ። የጃፓን ፋብሪካዎች በዚሁ ጦርነት ምክንያት ከአሜሪካ ብዙ ትእዛዝ አግኝተው እንደገና ቆሙ። በ1951 በሳን ፍራንሲስኮ በተፈረመው የሰላም ውል ኢትዮጵያ ፈራሚ ስትሆን ቻይና ግን ወደ ጉባኤው አልተጠራችም። ስለዚህ ቻይናና ጃፓን ጦርነቱ ካበቃ በኋላም ለብዙ ዓመታት በሕግ አልታረቁም።

ንግዱ ግን ዲፕሎማቶቹን አልጠበቀም። በኖቬምበር 1962 የቻይናው ልያኦ ቼንግቺና የጃፓኑ ታካሳኪ ታትሱኖሱኬ የረዥም ጊዜ የንግድ ስምምነት ተፈራረሙ። አምባሳደር ያልተለዋወጡ፥ የሰላም ውል ያልተፈራረሙ አገሮች በዚህ ስምምነት ማዳበሪያና ብረት፥ መሣሪያና የድንጋይ ከሰል፥ አኩሪ አተርም ይገበያዩ ነበር። ነጋዴዎቹ የከፈቱት በር በሴፕቴምበር 29 ቀን 1972 ለመንግሥታቱ አገለገለ፤ በዚያ ቀን ሁለቱ መንግሥታት ግንኙነታቸውን አደሱ፥ ቻይናም የጦር ካሣ መጠየቋን ተወች። በኦገስት 1978 የሰላምና የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ከ1979 ጀምሮ ጃፓን ለቻይና የባቡር፥ የወደብና የኤሌክትሪክ ሥራ በዝቅተኛ ወለድ ብዙ ገንዘብ አበደረች። በሻንግሐይ አጠገብ ያለው የባኦሻን ብረት ፋብሪካም በጃፓን ባለ ሙያዎች እርዳታ ተሠራ።

ኢትዮጵያም ከሁለቱም ጋር ግንኙነቷን በየተራ አጸናች። ከጃፓን ጋር በ1955 ታድሶ ንጉሠ ነገሥቱ በ1956 ቶኪዮን ጎበኙ፤ በሞጆም የኢትዮ-ጃፓን የናይሎን ፋብሪካ ተቋቋመ። ከቻይና ሕዝብ ሪፑብሊክ ጋር በኖቬምበር 24 ቀን 1970 ግንኙነት ተመሠረተ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በ1971 ፔኪንግን ጎበኙ።

የዛሬው ጠብና የዛሬው ገበያ

በ2010 የቻይና የኢኮኖሚ መጠን የጃፓንን በለጠ። የቀድሞው ተራ ተገለበጠ፤ ጠቡ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሴንካኩ፥ በቻይናውያን አጠራር ዲያኦዩ፥ በተባሉት ደሴቶች አጠገብ መርከቦች ከተጋጩ በኋላ ለኤሌክትሮኒክስ ዕቃና ለሞተር የሚያስፈልጉት ብርቅ ማዕድናት ከቻይና ወደ ጃፓን መላካቸው ተስተጓጎለ። ጃፓን ከዚያ ወዲህ በአውስትራልያ ሌላ ምንጭ አበጀች። በ2012 የጃፓን መንግሥት ከእነዚህ ደሴቶች ሦስቱን በገዛ ጊዜ በቻይና ከተሞች ሰልፍ ተነሣ፤ የጃፓን መኪና ሽያጭም ወደቀ። በ2023 ቻይና የጃፓን የባሕር ምግብ እንዳይገባ ከለከለች። በ2025 ኖቬምበርም በታይዋን ጉዳይ በተነሣው ቃል ምክንያት ቻይና ዜጎቿ ወደ ጃፓን እንዳይጓዙ መከረች። ይህ ሁሉ እየሆነ የሁለቱ አገሮች ንግድ በዓለም ካሉት ታላላቅ የንግድ ግንኙነቶች አንዱ ሆኖ ቀጥሏል።

ከእነዚህ አገሮች ወደ እኛ የሚመጣው ዕቃ በማላካ ወሽመጥና በህንድ ውቅያኖስ አድርጎ ጅቡቲ ይደርሳል። በምሥራቅ እስያ ባሕር ላይ ጠብ ቢበረታ መጀመሪያ የሚጨምረው የመርከብ ኪራይና የመድን ዋጋ ነው። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች በተጠቁ ጊዜ የታየው የኪራይና የመድን ጭማሪ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

በጋሞ የጨርቅ ገበያ ላይ ደግሞ የአቡጀዲው ታሪክ በሌላ መልክ ተመልሷል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሐበሻ ልብስ ጥለት በማሽን የታተመበት ጨርቅ ከቻይና ፋብሪካዎች እየመጣ ነው። ከሩቅ ሲታይ የሸማኔ ሥራ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ሸማኔው ለክር ብቻ ከሚያወጣው ብዙም አይርቅም። አቡጀዲው ተራውን የዘወትር ልብስ ነበር የወሰደው፤ የታተመው ጨርቅ ግን የሸማኔውን የበዓል ሥራ ራሱን፥ ጥለቱን፥ መልኩን ወስዶ ይሸጣል። በሽሮ ሜዳም ሆነ በዶርዜ በዚህ ሙያ የሚተዳደር ቤተ ሰብ የሚጨነቅበት ነገር ይህ ነው።

ለነጋዴዎቻችን የሚበጀው

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ዋና ቁም ነገር አንድ ነው። በቻይናና በጃፓን መካከል ጦርነት ንግድን ፈጽሞ አላጠፋውም፤ ንግድም ጦርነትን አላስቀረውም። የጠቡ ዋጋ ግን ዘወትር ወደ ሌሎች ገበያዎች ተሻግሯል፤ አንድ ምንጭ ብቻ ይዞ የኖረ ነጋዴም ከሁሉ አስቀድሞ ተጎድቷል። ስለዚህ የሚከተለው ጥንቃቄ ይገባል።

አስመጪው ለእያንዳንዱ ዋና ዕቃ ቢያንስ ሁለት ምንጭ ይኑረው። ዋጋው በትንሹ ከፍ ቢል እንኳ ከህንድ፥ ከቱርክ ወይም ከአገር ውስጥ ፋብሪካ ጋር የተጀመረ ደንበኝነት በችግር ቀን ዋጋውን ይመልሳል። ከ2010 በኋላ የጃፓን ፋብሪካዎች ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ላኪው የገዢውን ሕግ አስቀድሞ ይወቅ። በ2008 ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ውስጥ የጸረ ተባይ መድኃኒት ቅሪት በማግኘቷ ግዢውን ባቋረጠች ጊዜ የተጎዳው በአንድ ገዢ ላይ ያተኮረው ላኪ ነበር። ሰሊጡን በብዛት የሚወስድ የቻይና ገበያም መልካም ገበያ ነው፤ ነገር ግን ብቸኛ ሊሆን አይገባውም።

ባለ ሱቁ የታተመውን ጨርቅና በእጅ የተሸመነውን ለይቶ ያስቀምጥ፥ ለገዢውም በእውነት ይንገር። የታተመ ጨርቅ መሸጥ ነውር አይደለም፤ አቅሙ አነስተኛ የሆነውን ገዢ ያለብሳል። የታተመውን የሸማኔ ሥራ ነው ብሎ መሸጥ ግን ገዢውንም ሸማኔውንም መበደል ነው። መለየቱም አያስቸግርም፤ የተሸመነ ጥለት ከጨርቁ ጀርባ ክሩ ይታያል፥ በእጅም ሲዳሰስ ይሻክራል፤ የታተመው ጀርባው የደበዘዘ፥ ፊቱም ልስልስ ነው።

ሸማኔውና ነጋዴውም በክር ጉዳይ ይተባበሩ። የጋሞ ሸማኔ የአቡጀዲን ዘመን ያለፈው የውጭውን ክር ለራሱ ሥራ ስላዋለ ነው። ዛሬም ጥሩ ድር በተመጣጠነ ዋጋ ካገኘ፥ ማኅበሩም ሥራውን በስሙና በመነሻ ቦታው ለይቶ ካወጣ፥ የዶርዜ ጋቢና ዱንጉዛ በማሽን ሥራ የማይተካ ዕቃ ሆኖ ይቆያል። በአባያና በጫሞ ዙሪያ ጥጥ ይበቅላል፤ በአርባ ምንጭም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተተክሏል፤ የቀረው በገበሬው፥ በፈታዩ፥ በሸማኔውና በሻጩ መካከል የማይበጠስ የሥራ ስምምነት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር በሚለው ተረት ባለ ሙያዎቹና ነጋዴዎቹ ቢሠሩበት ይገባል።